መጀመሪያ እምቦሳው ይግባ

የከተማዋን ስም ብነግራችሁ የሚያውቋት «እንዲህ አልነበረም» ብለው ይጣሉኛል፤ የማያውቋት ደግሞ የት እንዳለች ሲፈልጉ ይደክማሉ። ስለዚህ ስሟ ይቅር። ዝናብ የሚበዛባት፣ ሰዎቿ ሰላምታ የሚያረዝሙ፣ ሹሞቿም ክፉ ያልሆኑ አንዲት ከተማ ነበረች ብዬ ልጀምር። እኔ እዚያ ጣሪያ መቺ ነኝ። ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ብሎ ምስማር የሚመታ ሰው የማያየው ጓሮ የለም። የምነግራችሁም ከላይ ሆኜ ያየሁትንና ትርንጎ የምትባል ሴት ራሷ ያጫወተችኝን ነው።

በዚያች ከተማ አዲስ ቤት ሲሠራ ሰው ቀድሞ አይገባበትም። መጀመሪያ እምቦሳ ይገባል። ባለቤቱ ከጎረቤት አንድ እምቦሳ ይዋስና ወለሉ ላይ ችካል ተክሎ ያስረዋል። እምቦሳው ትንሽ ይጮኻል፣ ትንሽ ያበላሻል፣ ልጆች ይስቃሉ። ከዚያ እንግዳው ሁሉ ከደጅ ሆኖ «ቤት ለእምቦሳ!» ይላል፤ ባለቤቱ «እምቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል፤ ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ሲነጋ እምቦሳው ወደ እናቱ ይመለሳል። ሰው ቀድሞ የረገጠው ቤት ግን ይፈርሳል። ለምን እንደሚፈርስ የሚያስታውስ አልነበረም፤ ደፍሮ የረገጠ ስላልነበረ የጠየቀም የለም።

ትርንጎ ከእናቷ የወረሰችው ደህና ቤት ነበራት። ያን ጊዜ መንግሥት ቤት ለሌላቸው ቤት ሊሠራ ገንዘብ መደበ፤ ገንዘቡም ትንሽ አልነበረም፣ ሐሰት አልናገርም። ቤቱን ለመሥራት ድንጋይ ያስፈልጋል፣ ድንጋዩን ለማመላለስ መንገድ ያስፈልጋል፣ መንገዱም በትርንጎ ቤት ላይ አለፈ። ሊያፈርሱ የመጡት ሰዎች ትሑቶች ነበሩ። «እንኳን ደስ ያለዎት፤ አሁን እርስዎም ቤት አልባ ስለሆኑ ቤት ይደርስዎታል» አሏት። አመሰገነቻቸው፤ ምን ታድርግ? ዕቃዋን ጠቅልላ ወፍጮ ቤቱ ታዛ ሥር ተጠጋች። እዚያ አባ ጎሹ የሚባሉ ሽማግሌ ከሷ በፊት ከርመው ነበርና ጆንያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁላት።

በዚያው ሰሞን ልጇ እንጉዳይ ከባሏ አገር መጣች። ባሏ ከድንጋይ ፈላጮች ጋር ርቆ ሄዷል፤ የእሷ ደግሞ ሆዷ መታየት ጀምሯል። ሴት የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ሄዳ ነው የምትወልደው፤ እንጉዳይም ለዚሁ ነበር የመጣችው። ቤቱን አላገኘችውም፣ እናቷን ግን አገኘች።

«እማዬ፣ ቤታችንስ?»

«መንገድ ሆነ።»

እንጉዳይ መንገዱን አየችው። ጋሪ ድንጋይ ጭኖ ያልፍበት ነበር።

«ታዲያ የት ልወልድ ነው?»

«ከክረምቱ በፊት ቤት ይሰጡናል። አንቺ ብቻ ሐሳብ አይግባሽ» አለቻት ትርንጎ። ሐሳቡ የገባት እሷ ራሷ ነበረች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ምኞት አልነበራትም፤ ልጇ ጣሪያ ሥር እንድትወልድ፣ ሌላው ይቅር።

ቤቶቹ ተሠሩ። ጣሪያቸውን የመታሁት እኔ ነኝና ትንሽ ልኩራ፤ አንድም የሚያፈስ አልነበረም። ኮረብታው ላይ ተደርድረው ሲታዩ ያምሩ ነበር። ቤት አልባውን ሁሉ ጣሪያ ሥር እንዲያገባ የተሾመ፣ የጣሪያ ሹም የሚባል ሰው ነበረን። እሱም ሕዝቡን ሰብስቦ ቤቶቹን ለየባለቤቶቻቸው አደለ። ትርንጎ ዳር ላይ ያለው ቤት ደረሳት። አባ ጎሹ ከጎኗ፣ አልጣሽ የምትባል ጠጅ ጣይ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ። እልል ተባለ። ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ሊገባ ሲል ሹሙ እጁን አነሣ።

«መጀመሪያ እምቦሳው ይግባ» አለ።

ልክ ነው፣ ደንብ ነው፤ ማንም አልተቀየመም። አልጣሽ ወዲያው ከወንድሟ በረት አንድ እምቦሳ ልታመጣ ተነሣች። ሹሙ ግን የመንግሥት ቤት በውሰት እምቦሳ አይመረቅም አለ። ለእያንዳንዱ ቤት እምቦሳ እንዲገዛ ታዘዘ። ተገዛ። ቀጥሎ ደግሞ፣ እምቦሳው ምን ያህል ጊዜ ይታሰር? የሚል ጥያቄ ተነሣ። በሰው ቤት ሲሆን ማንም ጠይቆት የማያውቀው ነገር በመንግሥት ቤት ሲሆን ካልተወሰነ አይሆንም። የከተማው አዛውንት ይጠየቁ ተባለና አባ ጎሹን አቀረቧቸው።

«አባት፣ እምቦሳው እስከ መቼ ይታሰር?»

«ኧረ እንጃ ልጄ» አሉ አባ ጎሹ፣ ራሳቸውን እያከኩ። «እስኪለምድ ነዋ።»

ሊሉ የፈለጉት እንደው ጥቂት ይቆይ ነበር። ሹሙ ግን በጣም ደስ አለው። ቃሉ ሕግ ሆነ፤ እምቦሳው ቤቱን እስኪለምድ ድረስ ሰው አይገባም። መልመዱ የሚታወቀው መጮኹን ሲተው ነው ተባለ። ይህንንም እየዞረ የሚያዳምጥ አንድ የእምቦሳ መርማሪ ተሾመ። ስሙ አቶ ቢያድግልኝ ነበር፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ የሚቆም ሰው። ወደ ውስጥ አይገባም፤ ሰው ነዋ። ጆሮውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያዳምጣል።

እምቦሳ ደግሞ ያለ እናቱ ዝም አይልም። ስለዚህ እናቶቻቸው ተገዙ። ላም እምቦሳ ስላልሆነች ቤት ውስጥ መግባት አትችልም፤ በረት ተሠራ። ለሁለተኛው ዙር ቤቶች የተመደበው ገንዘብ በረቱ ላይ ዋለ፤ የሦስተኛው ዙር ደግሞ ለሳር ሆነ። ሳሩ ሲመጣ ሳር አስቀማጭ ተቀጠረ፣ ላሞቹ ሲታመሙ ሐኪም ተቀጠረ። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር፤ አንዱም እርምጃ ለብቻው ሲታይ ጥፋት የለበትም። እኔም የበረቱን ጣሪያ መትቼ ደመወዜን በልቻለሁና ዝም ብል ይሻለኛል።

እምቦሶቹን የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልግ ነበር። ከባለቤቶቹ የተሻለ ማን ይገኛል? ቤት የደረሰው ሁሉ የራሱ ቤት እምቦሳ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ትርንጎም ከልጇ ጋር ከወፍጮ ቤቱ ታዛ ተነሥታ ወደ ገዛ ቤቷ ታዛ ተዛወረች። ሹሙ በዚያ ዓመት ለበላዮቹ ባቀረበው ንግግር «በከተማችን ቤት የሌለው ሰው የለም፤ ጥቂት ዜጎች ብቻ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ይገኛሉ» አለ ይባላል። ተጨበጨበለት።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉ ነበር አባቶቻችን» ይሏታል አባ ጎሹ ከጎረቤት ታዛ ሆነው። «ያንቺ ላም እንኳ በሰማይ አይደለችም፤ ልጇን እቤትሽ አስተኝታልሻለች።»

«እርስዎ አይደሉ እስኪለምድ ያሉት?»

«ምነው ምላሴን በቆረጠው!» ይላሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ምን ይደረግ፣ ካልተሳቀ አይዋልም።

ትርንጎ ግን ቀልዱን ትታ ሥራዋን ያዘች። እምቦሳዋ ነጭና ጥቁር ነበርና ቡሬ አለችው። በመስኮት እጇን አስገብታ አንገቱን ታሸዋለች፣ ጣቷን ታጠባዋለች፣ ልጇን ስታሳድግ የዘፈነችውን እሹሩሩ ትዘፍንለታለች። ቡሬ ቶሎ ከለመደ እንጉዳይ ቶሎ ትገባለች። መጀመሪያ ለዚህ ብላ ነበር፤ ኋላ ግን ወደደችው። ቡሬ ድምጿን ሲሰማ ጆሮውን ያቆምላት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ቡሬ አልጮኸም። ረፋዱ ላይም አልጮኸም። ትርንጎ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ሮጣ አቶ ቢያድግልኝን ጠራችው። መጣ፣ ጫማውን ጠረገ፣ ጆሮውን ግድግዳው ላይ አደረገ። ፊቱ በራ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ለምዷል!»

እንጉዳይ ሆዷን ደግፋ ተነሣች። አቶ ቢያድግልኝ ለማረጋገጥ ያህል በመስኮቱ እጁን ሰድዶ የቡሬን ግንባር ዳሰሰ። እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ቀንድ አጎጥጉጧል» አለ፣ ድምፁ ቀዝቅዞ።

«ቢያጎጠጉጥስ?»

«ቀንድ ያጎጠጎጠ እኮ እምቦሳ አይደለም፤ ጥጃ ነው።»

«ሲገባ እምቦሳ አልነበረም?»

«ሲገባ አልለመደም። ሲለምድ ደግሞ እምቦሳ አይደለም።» ይህን ሲላት አቀርቅሮ ነበር፤ ሰውየው ክፉ አልነበረም አልኳችሁ።

ቡሬን ወደ በረት ወሰዱት። ነገሩ በሌሎቹም ቤቶች ስላጋጠመ ሹሙ አማካሪዎቹን ሰብስቦ አንድ ድንጋጌ አወጣ፦ እምቦሳ ማለት አዲስ የተወለደ፣ ጡት የሚጠባና ቀንድ ያላወጣ ነው። በየቤቱም አዳዲስ እምቦሶች ገቡ። የትርንጎ አዲሱ እምቦሳ ቀይ ነበር፤ ጩኸቱ ወፍጮ ቤት ድረስ ይሰማል። ስም አላወጣችለትም።

ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። ትርንጎ አቶ ቢያድግልኝን መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ጌታዬ፣ ልጄ ወሯ ገብቷል። ታዛው ዝናብ ያስገባል።»

«አውቃለሁ።»

«ቤቱ የኔ ነው ብላችሁኛል።»

«የርስዎ ነው እንጂ! ማን ይወስድብዎታል?»

«እንግዲያው ለልጄ አንድ ጥግ ልቀቁላት። እምቦሳው ቦታውን ይያዝ፤ እኔ ደጅ እሆናለሁ።»

«ሰው ከገባበትማ ይፈርሳል፣ እትዬ ትርንጎ። ይህን ያህል ጊዜ ጠብቀው ቤትዎን ያስፈርሱታል?» አለና በጣም አዘነ። ጃንጥላውን አውጥቶ ሰጣት። ተቀበለችው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። የትርንጎ ጭንቅ ደግሞ እርጉዟን ማስገባት ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ታዛውን በጎን ገብቶ ይገርፍ ጀመር፤ እንጉዳይም ምጥ ያዛት። ጃንጥላው ተገልብጦ ሄደ። ትርንጎ ልጇ ጭቃ ላይ ተንበርክካ ግድግዳውን ስትቧጥጥ አየቻት። ከዚያ በኋላ አላሰበችም፤ የበሩን መዝጊያ በትከሻዋ ገፋችው። ቀዩ እምቦሳ በድንጋጤ ዝም አለ።

ልጅቷ የተወለደችው እምቦሳው ሳር ላይ ነው። ጤነኛ ነበረች። አልጣሽ ሮጣ ደርሳ ተቀበለቻትና እትብቷን ቆረጠች፤ ሞኟ ደግሞ ደስታዋን መያዝ አቅቷት በር ላይ ወጥታ እልልታውን አቀለጠችው። ያን እልልታ ማን ያልሰማ አለ? ዝናቡ ሲያባራ አቶ ቢያድግልኝና የጣሪያ ሹሙ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ሰው ገብቶበታል» አለ ሹሙ። «ይፈርሳል።»

ትርንጎ ደፍ ላይ ተቀመጠች። «አራስ ናት» አለች።

አቶ ቢያድግልኝ ወደ ውስጥ አንገቱን አሰገገ። ሕፃኗን አያት፣ ሹሙን አየው፣ እንደገና ሕፃኗን አያት። አንድ ሐሳብ ፊቱ ላይ ሲመጣ ይታይ ነበር።

«ክቡር ሹም፣ መጀመሪያ የገባው ማን እንደሆነ ካላከራከረን… በድንጋጌው እምቦሳ ማለት አዲስ የተወለደ ነው። ይህችም አዲስ ነች።»

«ቀጥል።»

«ጡት ትጠባለች። ቀንድ…» ብሎ እጁን ሰደደና የሕፃኗን ራስ በቀስታ ዳሰሰ። «የላትም።»

ሹሙ ረጅም ጊዜ አሰበ። እሱም ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ቤቱን ማፍረስ አልፈለገም፤ ሕጉንም ማፍረስ አልፈለገም። «እናቲቱስ? የእምቦሳ እናት በረት ነው የምትውለው» አለ።

«በረቱ ጠቧል፣ ክቡር ሹም። ውስጥ ሆና ታጥባ።»

«ይሁን። ይመዝገብ። ቀዩ ወደ በረት ይመለስ፤ ይህች እምቦሳ ቦታውን ትያዝ።» ከዚያ ሕፃኗን ተመልክቶ «አልታሰረችም እኮ» አለ።

አቶ ቢያድግልኝ ገመዱን ከችካሉ ፈትቶ ለትርንጎ ዘረጋላት። «ላላ ተደርጎ ነው፣ እትዬ ትርንጎ። ለወጉ ያህል።»

«እማዬ፣ አታድርጊው» አለች እንጉዳይ ከሳሩ ላይ።

ትርንጎ ገመዱን አልተቀበለችም። ከነጠላዋ ጥለት ቀደደች፤ አንዱን ጫፍ ችካሉ ላይ፣ አንዱን የልጅ ልጇ ቁርጭምጭሚት ላይ ቋጠረች። ሹሙ «ቤት ለእምቦሳ!» ሲል ትርንጎ «እምቦሳ እሰሩ» ብላ መለሰች። እንዲህ ያለ ኀፍረት በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም ብላኛለች። ግን ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር።

ሕፃኗም ጠባች፣ ጠገበች፣ ተኛች። አቶ ቢያድግልኝ ግድግዳው ላይ ጆሮውን አደረገ። ድምፅ የለም።

«ለመደች!» አለ። በዚያው ምሽት ትርንጎ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ አባ ጎሹ ጢማቸውን አበጥረው መጡና ደፍ ላይ ቆሙ። «ትርንጎ ልጄ፣ ድሮ እምቦሳ ከጎረቤት ነበር የምንዋሰው። እኔ ልጅም የልጅ ልጅም የለኝ። አንድ ምሽት ብታውሺኝ…»

እናትና ልጅ ተያዩ። እንጉዳይ ፈገግ አለች፤ ሕፃኗን አቅፋ ሄደች። ሕፃኗ አባ ጎሹ ቤት በጥለት ታስራ እንቅልፏን ለጥ አደረገችው። አቶ ቢያድግልኝ አዳመጠ፣ መዘገበ። ከዚያ አልጣሽ ጋ፣ ከአልጣሽ ቀጥሎ ሌላው ጋ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ተላለፈች። የሄደችበት ቤት ሁሉ የራሱን ስጦታ ያስታቅፋታል። ይመኙሻል የሚባለውን ስሟን ያወጡላትም ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ ይመኛት ነበርና። ክረምቱ ሳይወጣ ኮረብታው በሙሉ ሰው ገባበት። እኔ እንዲያ ያለ ክረምት አላየሁም። ዘንቦ ሲያበቃ ከየጣሪያው ጢስ ይወጣ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ሹሙ ግን የሥራውን ፍሬ ለበላዮቹ መናገር ነበረበት። ስንት ላምና ስንት ሳር ያልቻለውን አንዲት እምቦሳ እንደቻለችው አስረዳ። የበላዮቹ ተደነቁ፤ ገንዘብ ያዡም ጠየቀ፦ ይህች ብርቅ እምቦሳ አሁን የት ናት? የመንግሥት ንብረት አይደለችም? ጡት ስትጥል በረት ትግባ፤ ዘሯ ይብዛ፤ ለሌሎቹም ከተሞች ትድረስ።

ይመኙሻል በዳዴ መሄድ ትታ ግድግዳ ይዛ መቆም ስትጀምር፣ ገንፎም ስትለምድ፣ አቶ ቢያድግልኝ አንድ ረፋድ ላይ መጣ። ጫማውን ጠረገ። እጁ ላይ አዲስ ገመድ ነበር። የኮረብታው ሰው ገመዱን አይቶ ከየቤቱ ወጣ፤ እኔም የአልጣሽን ጭስ መውጫ እጠግን ነበርና ሁሉንም ከላይ ሆኜ አየሁት።

«ጡት ጥላለች ተብሏል» አለ። «ጊደር ሆና ተመዝግባለች። ወደ በረት ነው።»

ትርንጎ ሕፃኗን ከመሬት አንሥታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። «አብደሃል?» አለችው። እስከዚያ ቀን አንተ ብላው አታውቅም። «ልጅ እኮ ናት!»

«እኔም አውቃለሁ፣ እትዬ ትርንጎ።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ልጅ ናት ካሉኝ ልጅ ናት ብዬ እጽፋለሁ። ግን ልጅ ከሆነች ወደነዚህ ቤቶች ሁሉ መጀመሪያ የገባው ሰው ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ የርስዎ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ይፈርሳሉ። ሰው ናት ይበሉኝና ልጻፍ። ወይም ይስጡኝ።»

ትርንጎ ዙሪያዋን አየች። የቆሙት ሁሉ ከታዛ የመጡ ናቸው። አባ ጎሹ ሳላቸው የተሻላቸው ጣሪያ ካገኙ ወዲህ ነው። የራሷ ቤት ቢሆን ኖሮ በዚያች ቅጽበት ትጥለው ነበር፤ የሰው ቤት ግን በምን አንደበቷ ትጣል? የልጅ ልጇንስ እንዴት ትስጥ? ይመኙሻልን አጥብቃ ይዛ ቆመች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያን ቀን ግን ዝምታው ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር።

አባ ጎሹ በትራቸውን ተመርኩዘው ወደፊት ወጡ።

«አቶ ቢያድግልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል። ቢሆንም ከብትና ልጅ ለመለየት ዓይን አያስፈልገኝም። ይህች ልጅ ቤቴ አድራ ጢሜን ነጭታለች። ሰው ናት፤ ጻፍ።»

«አባት፣ ቤትዎ—»

«ጻፍ አልኩህ! አንድ ጊዜ አፌ ባመጣው ይህን ሁሉ ሕዝብ ደጅ አሳደርኩት። አሁን የምለውን አውቄ ነው የምለው።»

«ሰው ናት» አለች አልጣሽ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «በእጄ ነው የተቀበልኳት። ሰኮና አላየሁባትም!»

ከኋላ ሌላው «ሰው ናት» አለ። ሌላዋም። እየተቀባበሉ እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ ሄደ። አንዳንዱ ጮኾ ነው የሚለው፣ አንዳንዱ ቤቱን ዞር ብሎ እያየ። እኔ እዚያ ቤት የለኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን መዶሻዬን ጣሪያው ላይ አስቀምጬ እኔም አልኩ። ትርንጎ ደፉ ላይ ተቀመጠችና ድምጿን አውጥታ አለቀሰች። አቶ ቢያድግልኝ ገመዱን ኪሱ ውስጥ ከተተና ጻፈ።

የመፍረሻው ትእዛዝ ሳይውል ሳያድር ወጣ። ሰዉ ዕቃውን ጠቀለለ። ማንም ትርንጎን በክፉ ዓይን አላያትም፤ አልጣሽ እንዲያውም ለጉዞው ብላ ቆሎ ቆላችላት። አፍራሾቹን ቁጭ ብለው ጠበቁ። አልመጡም። ለካ ለማፍረሻ የተቀመጠው ገንዘብ ለላሞቹ ሳር ወጥቶ ኖሯል። አዲስ ይመደብ እንዳይባል ደግሞ ቤቶቹ ትእዛዙ በወጣበት ቀን ፈርሰዋል ተብለው ተመዝግበዋል፤ የፈረሰ ቤት ማፍረሻ ገንዘብ አይጠየቅለትም። የኮረብታው ሰዎችም ቤት አልባ ተብለው እንደ አዲስ ተጽፈዋል። በስማቸው ብዙ ገንዘብ ሊመደብ እንደሆነ ሹሙ በየጊዜው ይናገራል፤ እነሱም ያጨበጭባሉ።

ትርንጎ ጥቅሎቿን ቶሎ አልፈታቻቸውም። የሚቀጥለው ክረምት የመጀመሪያው ዶፍ በእኩለ ቀን መጣና ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ልማድ ሆኖባት ብድግ ብላ ዕቃዋን ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች። ይመኙሻል መሬቱ ላይ በሁለት እግሯ ቆማ፣ አፏን ከፍታ ወደ ጣሪያው ታንጋጥጥ ነበር።

«እማማ?» አለች፣ በጣቷ ወደ ላይ እየጠቆመች።

ትርንጎ እጇን መለሰች። ጣሪያውን አየችው፤ ጠብ የሚል ነገር አልነበረም።

«ዝናብ ነው» አለቻትና ተቀመጠች። «ይዝነብ።»